የማወቅና የመክፈል ታሪክ፦ የጆርጅ ሮዘን «የሕዝብ ጤና ታሪክ» ሲመዘን

የሕዝብ ጤና ታሪክ ለተማሪ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ አንድ ነው። መካከለኛው ዘመን የጨለማ ዘመን ይሆናል፤ ቸነፈር ይገባል፤ ሰው በጸሎትና በጭስ ይከላከላል። ከዚያ በኋላ ጆን ስኖው በለንደን የአንዲት የውሃ መሳቢያ እጀታ ያስነቅላል፤ ፓስተርና ኮኽ ተሕዋስያንን ያገኛሉ፤ ዘመናዊው ጊዜ ይጀምራል። ይህ አተራረክ ለማስታወስ ይቀላል፤ ለፈተና ጥያቄም ይመቻል። በዚህ ዘርፍ ደጋግመው ከሚጠቀሱት መጻሕፍት አንዱ በ1958 በኒውዮርክ የታተመው የጆርጅ ሮዘን «የሕዝብ ጤና ታሪክ» ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ በ1993 እና በ2015 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እንደገና ወጥቷል። ስለዚህ የሚመዘነው በመደርደሪያ እንደ ተረሳ ድርሳን ሳይሆን ዛሬም እንደሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

ደራሲው በ1910 በብሩክሊን ተወለደ። በዘመኑ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአይሁድ ተማሪዎችን ቁጥር ይገድቡ ስለነበር ወደ በርሊን ሄዶ ተማረና በ1935 ሐኪም ሆነ። ከዚያም በኒውዮርክ ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት ሠርቷል፤ ከ1957 እስከ 1973 ድረስም የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበር መጽሔት አዘጋጅ ነበር። ይህ የሕይወት ታሪክ ያለ ምክንያት አልተነሣም። ደንብ አውጥቶ ተቆጣጣሪ አለመቅጠር ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው የጻፈው መጽሐፍ መሆኑ በብዙ ገጾች ላይ ይታያል።

የሮዘን መነሻ ሐሳብ ጠንካራ ነው። የሰው ልጅ ዋና ዋና የጤና ችግሮች በማኅበር ከመኖሩ የመነጩ ናቸው ይላል፤ ተላላፊ በሽታን መግታት፣ አካባቢን ማጽዳት፣ ንጹሕ ውሃና በቂ ምግብ ማቅረብ፣ ሕክምና ማዳረስ፣ አቅመ ደካማንና ችግረኛን መርዳት። በዚህ ዓይን ሲታይ የጤና ታሪክ ከግብር፣ ከደመወዝና ከሥልጣን ታሪክ አይነጠልም። ዮሐን ፔተር ፍራንክ በ1790 በፓቪያ የሕዝብ ድህነት የበሽታ እናት መሆኑን ለሕክምና ተመራቂዎች ሲያስተምር፣ ሩዶልፍ ቪርሾ በ1848 የፕሩስያ መንግሥት የተስቦ ወረርሽኝ እንዲያጣራ ወደ ላይኛው ሲሌዥያ ልኮት በመድኃኒት ፈንታ ዴሞክራሲን፣ ትምህርትንና መንገድን ሲያዝዝ፣ ሮዘን ሁለቱንም ከታሪኩ መሐል ያስቀምጣቸዋል። ሌሎች የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ፖለቲከኛ ቆጥረው በግርጌ ማስታወሻ ባለፏቸው ጊዜ ይህን ማድረጉ ትልቅ ውለታ ነው።

ችግሩ ያለው በመጽሐፉ አደረጃጀት ላይ ነው። ምዕራፎቹ ከግሪክና ከሮም ተነሥተው በመካከለኛው ዘመን፣ በነገሥታቱ ፍጹም አገዛዝና በአብርሆት ዘመን አልፈው ወደ ኢንዱስትሪው ዘመን የንጽሕና ንቅናቄ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ከ1875 እስከ 1950 ያለው ጊዜ ሁሉ «የባክቴሪዮሎጂ ዘመን» በሚለው ስም ይጠቃለላል። ዘመን በዕውቀት ስም ሲሰየም አንባቢው ለውጡን ያመጣው ዕውቀቱ ነው ብሎ ያምናል። መጽሐፉ ራሱ የሚያቀርበው ማስረጃ ግን ደጋግሞ ሌላ ነገር ይመሰክራል፤ ሰዎች ሳያውቁ ትክክለኛውን ሥራ የሠሩበት፣ አውቀውም ያልሠሩበት ጊዜ ብዙ ነው።

መጀመሪያ መካከለኛውን ዘመን እንመልከት። በ1377 የአድርያቲክ የወደብ ከተማ የሆነችው ራጉዛ (የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ) ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ በምርካን ደሴት ወይም በጻቭታት ከተማ አንድ ወር ሳይቆይ እንዳይገባ ደነገገች። ሠላሳው ቀን በኋላ አርባ ሆነ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም አርባ ከሚለው የኢጣልያን ቃል ወጣ። ቬኒስ በ1423 በአንዲት ደሴት ላይ ቋሚ የሕሙማን ማቆያ አቋቋመች፤ ወጪውንም ከመንግሥት ገንዘብ ቻለች። በዚያን ጊዜ የቸነፈርን ባክቴሪያ ያየ ሰው አልነበረም፤ የርሲን በሆንግ ኮንግ ያገኘው በ1894 ነው። በራጉዛ ድንጋጌና በባክቴሪያው መገኘት መካከል 517 ዓመት አለ። ሮዘን ኳራንቲንን የመካከለኛው ዘመን ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጎ በመቁጠሩ ከብዙዎቹ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ሆኖም ከጥቁሩ ሞት በፊት የነበረውን የከተሞች ሥራ አሳንሶ ያየዋል። ካሮል ሮውክሊፍ በ2013 ስለ እንግሊዝ ከተሞች፣ ጋይ ጌልትነር በ2019 ስለ ኢጣልያ ከተሞች ያወጧቸው መጻሕፍት ከ1348 በፊት ቦይ የሚያስጠርግ፣ ሥጋ ሻጭን የሚቆጣጠር፣ ቆሻሻ በመንገድ የደፋውን የሚቀጣ ሹም እንደነበረ ከቅጣት መዝገቦች ጭምር አሳይተዋል። በቦሎኛ የዚህ ሹመት ስም በቀጥታ «ጭቃ» ማለት ነበር፤ በዛሬ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሐቀኛ የሥራ መደብ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ከዚህ ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ሥርዓቱ እያለ የሚፈርሰው በምን ምክንያት እንደሆነ ነው። በ1720 ማርሴይ በአውሮፓ ከተደራጁት የወደብ ኳራንቲኖች አንዱ ነበራት። በግንቦት ወር ግራን ሴንት አንቷን የተባለችው መርከብ ከምሥራቅ ሜዲትራንያን ስትደርስ በጉዞ ላይ ሰዎች ሞተውባት ነበር። ደንቡ ይታወቃል፤ መርከቢቱ ርቃ መቆየት ነበረባት። ጭነቷ ግን በሐምሌ ለሚከፈተው የቦኬር ገበያ የታሰበ ውድ ጨርቅ ነው፤ ከከተማዋ ዋና ሹማምንት አንዱ የሆነው ኤስቴል ከጭነቱ ድርሻ ነበረው። ደንቡ ላላ። ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ አለቀ፤ ወረርሽኙም በፕሮቫንስ ተዛመተ። እዚህ ላይ የጎደለ ዕውቀት የለም። ተቆጣጣሪውና ነጋዴው አንድ ሰው መሆናቸው ነው የጎዳው።

ስለ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሮዘን በፍቅር ይጽፋል፤ የመጽሐፉ ምርጥ ገጾችም እዚያ ናቸው። የኤድዊን ቻድዊክ የ1842 ሪፖርት በማንቸስተር የሠራተኛው ቤተሰብ አማካይ የሞት ዕድሜ 17፣ የባለሙያውና የባላባቱ 38 እንደሆነ፣ በገጠሩ ራትላንድ ደግሞ የሠራተኛው 38፣ የባላባቱ 52 እንደሆነ አስነበበ። የማንቸስተር ባላባት የራትላንድን የቀን ሠራተኛ ያህል ብቻ መኖሩ አገሩን አስደነገጠ። (ለስታትስቲክስ ሰው አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል፤ አማካይ የሞት ዕድሜ ማለት የመኖር ተስፋ ማለት አይደለም። ወጣትና ሕፃን በበዛበት ሕዝብ ውስጥ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ቻድዊክ ይህን ልዩነት ችላ ብሎታል፤ በዛሬ ሪፖርቶችም ስሕተቱ አልጠፋም።)

ይሁንና ሮዘን ቻድዊክን የሚያየው እንደ ጀግና ነው፤ ይህም የመጽሐፉን ሚዛን ያጋድለዋል። በዚያው ጊዜ የኤዲንብራው ሐኪም ዊልያም ፑልትኒ አሊሰን የትኩሳት በሽታዎች ሥር ረኃብና ችጋር ነው ብሎ ይከራከር ነበር። ቻድዊክ ደግሞ የድኾች ሕግ ባለሥልጣን ነበር፤ ረኃብ ገዳይ ነው ብሎ ማመን የራሱን መሥሪያ ቤት መክሰስ ይሆንበታል። ክሪስቶፈር ሃምሊን በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚያሳየው ክርክሩ በቻድዊክ አሸናፊነት ሲያበቃ የሕዝብ ጤና ትርጉም ጠበበ፤ ደመወዝ፣ ምግብና የሥራ ሰዓት ከአጀንዳው ወጡና ቱቦና ቦይ ቀሩ። ቱቦው ሕይወት እንዳዳነ የሚክድ የለም። የተከፈለበት ዋጋ ግን በሮዘን ገጾች ላይ በበቂ አልተጻፈም። የ1848ቱ ሕግ ራሱ የአካባቢ የጤና ቦርድ በግድ እንዲቋቋም የሚያደርገው የሞት መጠን ከ1,000 ሰው 23 ሲያልፍ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ሞት እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል ማለት ነው።

ጆን ስኖውን በተመለከተ እጀታው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1854 ሲነቀል የብሮድ ስትሪት ወረርሽኝ በመርገብ ላይ እንደነበረ ስኖው ራሱ ጽፏል። የላቀው ሥራው በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎችን ያወዳደረበት ነው። በከተማዋ ፍሳሽ ከተበከለው የቴምዝ ወንዝ ክፍል ውሃ በሚቀዳው ኩባንያ ከ10,000 ቤቶች 315 ሞት፣ ከላይ በሚቀዳው 37 ሞት ቆጠረ። ይህ የትኛውንም ዘመናዊ የኤፒዲሚዮሎጂ መምህር የሚያኮራ ማስረጃ ነው፤ መንግሥት ግን አልተቀበለውም። ለንደን ትልቁን የፍሳሽ ቦይ የሠራችው ስኖው በሞተበት በ1858 የበጋ ወራት የቴምዝ ግማት የምክር ቤቱን መስኮት አልፎ ስለ ገባ ነው። አባላቱ ሽታው ራሱ በሽታ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ፓውንድ አጸደቁ። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ ከ5,500 በላይ ሰው የገደለው በአብዛኛው አዲሱ ቦይ ገና ባልደረሰበት በምሥራቅ ለንደን ነበር። የተሳሳተው ንድፈ ሐሳብ ትክክለኛውን ቦይ ሠራ፤ ትክክለኛው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ በጀት አላገኘም። ዘመኑን በዕውቀት ስም የሚከፋፍል መጽሐፍ ይህን ክሥተት የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል።

የዚህ ሁሉ ፈተና ሃምቡርግ ነው። ኮኽ የኮሌራን ባክቴሪያ በግብፅና በሕንድ ለይቶ ያወቀው በ1883 እና በ1884 ነው። በ1892 ስለ ኮሌራ መተላለፊያ ለማወቅ የፈለገ የጀርመን ባለሥልጣን የሚቸገርበት ምክንያት አልነበረም። ሃምቡርግ ሀብታም ወደብ ናት፤ የሚያስተዳድሯትም ነጋዴዎችና የቤት ባለንብረቶች ናቸው። የኤልበ ወንዝን ውሃ ሳታጣራ ለነዋሪዋ ታጠጣለች። ማጣሪያ ይሠራ የሚለው ክርክር ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ በ1890 ጸደቀ፤ ሥራው ግን አላለቀም ነበር። አጠገቧ ያለችው የፕሩስያ ከተማ አልቶና ከዚያው ወንዝ፣ ያውም የሃምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች፣ ትቀዳለች። ነገር ግን በአሸዋ ታጣራለች።

በኦገስት አጋማሽ ሕሙማን መታየት ጀመሩ። የከተማዋ ባለሥልጣናት ስሙን ለመናገር ዘገዩ። ኮሌራ አለ ማለት ወደቡን መዝጋት ነው፤ ወደቡን መዝጋት ደግሞ ገበያን መዝጋት ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ስደተኞችን የጫኑ መርከቦች በዚያው ጊዜ ይነሡ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 8,600 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ሁለቱን ከተሞች በሚለየው ጎዳና ላይ በሃምቡርግ ውሃ በሚጠቀመው ወገን ሰው ሲረግፍ፣ በአልቶና ውሃ በሚጠቀመው ወገን በሽታው የለም ለማለት የሚያስችል ነበር። ከዚህ የጠራ የተፈጥሮ ሙከራ በታሪክ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። ማጣሪያው ግንባታው ተፋጥኖ በ1893 ተከፈተ። (የሙኒኩ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1892 በኦክቶበር የባክቴሪያውን ብጥብጥ ጠጥቶ መትረፉ ለብቻው የሚነገር ወሬ ነው፤ ለሃምቡርግ ሙታን የፈየደው ነገር የለም።) የሪቻርድ ኢቫንስ «ሞት በሃምቡርግ» የተሰኘው የ1987 መጽሐፍ ይህን ታሪክ ከግብር መዝገብ፣ ከቤት ኪራይና ከምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ጋር አያይዞ ተርኮታል። ሮዘን የጀመረውን ሐሳብ ሮዘን ካቆመበት አሻግሮ የወሰደው ይህ ሥራ ነው።

ስም የመደበቁ ነገር የአንድ ከተማ ጠባይ አልነበረም። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የንጽሕና ጉባኤ በ1851 በፓሪስ የተሰበሰበው ኳራንቲን ንግድን እያወከ ነው በሚል ነበር፤ አገሮቹ በሚያስገድድ ስምምነት ላይ የደረሱት ከ41 ዓመት በኋላ፣ ሃምቡርግ በነደደችበት በ1892 ነው። የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያም ይህን ገጽ ሲያነብ እንግዳ አይሆንበትም። በ2006 እና በ2016 የነበሩት ወረርሽኞች በይፋ መግለጫ «አጣዳፊ የተቅማጥና ትውከት በሽታ»፣ ባጭሩ «አተት» ይባሉ ነበር፤ «ኮሌራ» የሚለው ስም በግልጽ የተነገረው በ2019ኙ ወረርሽኝ ነው። የምልክት ስም ለመስክ ሥራ ይጠቅማል፤ ላቦራቶሪ የሌለው ጤና ኬላ ምልክቱን አይቶ ማከምና ሪፖርት ማድረግ ይችላል። የላቦራቶሪው ውጤት ከታወቀ በኋላ ስሙን ማቆየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መድረሻውም ከሃምቡርግ ነጋዴዎች ስሌት የራቀ አይደለም።

የመጽሐፉ ሌላው ጉድለት መልክዓ ምድሩ ነው። ምዕራብ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ታሪኩን ይሠራሉ፤ የቀረው ዓለም በአብዛኛው ወደ መጨረሻው ዕርዳታ ተቀባይ ሆኖ ይመጣል። ኮኽ የሃምቡርግን የድኻ ሰፈር ጎብኝቶ አውሮፓ ውስጥ መሆኑን እንደ ረሳ መናገሩ ይታወቃል፤ ችጋርና ኮሌራ የሌላ አገር ንብረት ናቸው የሚለው ግምት በዚያ አነጋገር ውስጥ አለ፤ ከሮዘንም አደረጃጀት ውስጥ ፈጽሞ አልጠፋም። በኢትዮጵያ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በሚቃጠልበት ልማድ ይታሰባል። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ሥርዓት ክፉ አየርን በጭስ የማባረር አሳብ ነው፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓም በቸነፈር ጊዜ በየአደባባዩ እሳት ያነድ ነበር። ጭስ ቫይረስ አይገድልም። ነገር ግን አንድ ሰፈር በአንድ ቀን በጋራ ደጁን የሚጠርግበት ልማድ በማን ትእዛዝና በማን ወጪ ለዘመናት እንደሚዘልቅ ማጥናት ለሕዝብ ጤና ታሪክ ጸሐፊ ከብዙ ግኝቶች ይልቅ ያስተምረዋል።

በኢትዮጵያ በመጋቢት 2020 ከውጭ የሚገባ መንገደኛ በራሱ ወጪ በተመደበለት ሆቴል 14 ቀን እንዲቆይ ሲታዘዝ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱት ስደተኞች ደግሞ በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች ሲቆዩ፣ ቬኒስ በ1423 የመለሰችው ጥያቄ እንደገና ተነሣ። የተለየውን ሰው ማን ያብላው? ገቢው ለተቋረጠበት ሠራተኛ ማን ይክፈል? የኢንኩቤሽን ጊዜውን በቀናት ማወቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ሮዘንን በተቃራኒው ጽንፍ መተቸትም ይቻላል፤ ተችተውታልም። ቶማስ ማኪዎን በ1976 ባሳተመው መጽሐፉ በእንግሊዝ የሞት መጠን የቀነሰው በአብዛኛው ከመድኃኒት በፊት በተሻለ ምግብ ምክንያት ነው አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ሞት ስትሬፕቶማይሲን ከመምጣቱ አስቀድሞ እጅግ ማሽቆልቆሉን ለማስረጃነት ጠቀሰ። በ1988 ሳይመን ሽሬተር የመለሰው መልስ ግን ይበልጥ ያሳምናል። ምግብ ብቻውን አልሠራውም፤ የአካባቢ መስተዳድሮች በውሃ፣ በቤትና በተቆጣጣሪ ላይ ያወጡት ገንዘብ ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ይህ መልስ ሮዘንን በከፊል ያድነዋል። በአስተዳደር ላይ የነበረው እምነት ትክክል ነበር፤ እምነቱን በዕውቀት ዘመን አቆጣጠር ውስጥ መደበቁ ነው ያልተሳካው።

ተላላፊ በሽታ በሠለጠነው ዓለም ድል ሆኗል የሚለው የ1950ዎቹ መንፈስ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ያሞቃቸዋል። ኤች.አይ.ቪ. ገና አልመጣም፤ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ገና አሳሳቢ አልነበረም። ለዚህ ደራሲውን መውቀስ አይገባም። የሚያስቆጨው ትልቁን ፈተና ሳይጽፈው ማለፉ ነው። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በ1971 ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። በባህላዊ መንገድ ከሕመምተኛ ቁስል እየወሰዱ የሚከትቡ ሰዎችም በሽታውን ያዛምቱ ነበር። ዘመቻው ያሸነፈው ክትባቱን ለሁሉም በመርጨት ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱን ሕመምተኛ ፈልጎ ማግኘት፣ ቤቱን መጠበቅ፣ በዙሪያው ያለውን ሰው መከተብ ነበር ሥራው፤ ይህም የራጉዛ ለይቶ ማቆየት የጄነርን ክትባት ይዞ በእግርና በበቅሎ መጓዙ ነው። በአገሪቱ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በኦገስት 1976 ነው። ሮዘን በ1977 ዐረፈ፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በሶማልያ በመርካ ከተማ ታመመ፤ እሱም የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር።